እትዬ ይደርሳል እና የሾፌሩ ልጅ

ስሟ ሌላ ነው፤ እኛ ግን «እትዬ ይደርሳል» እንላት ነበር። በጤና ጣቢያው ውስጥ የልጆችና የወጣቶች የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነበረች። የምትሠራውም ከጥርስ ሐኪሙ አጠገብ፣ ቀድሞ ፋሻና ጥጥ ይከማችባት በነበረች ጠባብ ክፍል ነው። ልጅ ገብቶ ዝም ካለ እርሷም ዝም ትላለች። እናት ከውጭ ሆና በበሩ ስንጥቅ «ኧረ ተናገር፣ ሰው አታስጠብቅ» ስትል፣ እርሷ ከውስጥ «ይደርሳል እህቴ፣ ይደርሳል» ብላ ትመልሳለች። ቅጽል ስሟ ከዚያ መጣ።

ሁለት ወንበሮች ነበሯት። ፊት ለፊት አልተደረደሩም፤ ጎን ለጎን ሆነው ሁለቱም ወደ መስኮቱ ይመለከታሉ። ከመስኮቱ ማዶ የሚታየው የውኃ ታንከርና የተሰጣ አንሶላ ብቻ ነው። «ልጅ ዓይን ዓይኑን ካየኸው የሚነግርህ አንተ መስማት የምትፈልገውን ነው» ትል ነበር።

በዚያ ዘመን በክፍሏ በራፍ ያለው አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ቤተሰብ ሁሉ ለልጁ የሚያወጣለት በሽታ አንድ ነበር፤ ራስ ምታት። እንቅልፍ ያጣውም፣ ትምህርት ቤት መሄድ የፈራውም፣ እህል አልቀምስም ያለችውም ራሳቸውን ነው የሚያማቸው። እትዬ ይደርሳል አትከራከርም። «እሺ፣ ከራስ ምታቱ እንጀምራ» ትልና ታስገባቸዋለች።

እኔ ያን ጊዜ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበርሁ። አብሬው የምሠራው ሾፌር ቀልደኛ፣ ተሳፋሪው ሁሉ የሚወደው ሰው ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ነበረችው፤ ቁመቷ ከእርሱ እኩል ሆኖ እንኳ «ሚጢ» ይላታል። ልጅቱ ከክፍል መቅረት፣ ከጓደኞቿ መሸሽና ቀኑን ሙሉ ተሸፋፍና መዋል ስታበዛ፣ መምህርቷ ወደ እትዬ ይደርሳል ላከቻት። አባት ፈቀደ። ለጎረቤት ግን «ዓይኗን እያሳየኋት ነው» ብሎ አወራ። ውሸቱ እንዳይነቃበትም ሄዶ ቁጥር የሌለው፣ ተራ መስታወት ያለው መነጽር ገዛላት።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ሚስቱ፣ «ነገ ደግሞ እግሯን ነው ብለህ ምርኩዝ ልትገዛላት ነው?»

«ተይኝ እስቲ፤ የልጄን ስም ከሰው አፍ ላውጣ።»

ልጅቱም ያን መነጽር እያደረገች ወደ ጤና ጣቢያው ትመላለስ ጀመር።

ከዚህ ወዲያ ያለውን፣ ያላየውንም ከልጁ ሰምቶ፣ ያወጋኝ ሾፌሩ ራሱ ነው፤ ከእትዬ ይደርሳል አፍ የማንም ልጅ ነገር ወጥቶ አያውቅም። እያንዳንዱን ልጅ ገና በመጀመሪያው ቀን የምታስገባው ውል ነበራት። «የነገርሽኝ እዚሁ ይቀራል። ሕይወትሽን የሚያሰጋ ከሆነ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ ለቤተሰብ እንነግራለን። ስንነግርም ከጀርባሽ አይደለም። አንቺ ባለሽበት፣ አንቺ በመረጥሽው ቦታ ነው።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቱ አንሶላዎቹን እያየች መኖር እንደታከታት ተናገረች። እትዬ ይደርሳል ያን ቀን «ይደርሳል» አላለችም። ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ብላ በግልጽ ጠየቀቻት። ልጅቱ ራሷን ነቅንቃ አዎ አለች።

«አሁኑኑ ለአባትሽ እንነግራለን።»

«ይቀልዳል» አለች ልጅቱ። «ሲጨንቀው ይቀልዳል። በዚህ ከቀለደ እኔ አልችልም።»

«የት ሆኖ ነው ደኅና አድርጎ የሚሰማሽ?»

ልጅቱ አሰበች። «አውቶቡሱ ውስጥ። እቤት ዓይን ዓይኔን እያየ ይጨነቃል። መሪ ከያዘ ግን ፊቱ ወደ መንገድ ስለሆነ ይሰማኛል።»

እትዬ ይደርሳል ነጭ ጋወኗን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ አላፊ አግዳሚው ልጅቱን ከነርስ ጋር አይቶ ወሬ እንዳያመርት ነው። ከዚያ ክንድ ለክንድ ተያይዘው አውቶቡሶቹ ወደሚያድሩበት ዴፖ መጡ። ፈረቃ የምንቀያየርበት ሰዓት ነበር።

«ወንድሜ፣ ሞተሩን ያጥፉና መሪዎ ላይ ይቀመጡ» አለችው። «ሚጢ የምትነግርዎት ነገር አላት። ዞረው እንዳያዩአት።»

«ምነው፣ ያለ ትኬት ልትሳፈሩ ነው?»

«ይህችን ቀልድ ለሌላ ቀን ያቆዩልን።»

አጣቢዎቹ የውኃ ጎማቸውን እየጎተቱ ሲመጡ እኔ በአውቶቡሱ በር ላይ ቆሜ መለስኋቸው፤ ነገሩ ግን ገና አልገባኝም ነበር። ልጅቱ ከአባቷ ጀርባ ካለው ወንበር ተቀመጠች፤ እትዬም ከጎኗ። ሦስቱም አቧራ የለበሰውን የፊት መስታወት ያያሉ። ልጅቱ መነጽሩን አወለቀችና በአባቷ ትከሻ ላይ አሳልፋ ሰጠችው።

«አባዬ፣ ዓይኔ ደኅና ነው» አለች። ከዚያም ሌላውን ሁሉ ነገረችው።

«ቀልዱ እስከ ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር» አለኝ ሾፌሩ ኋላ ሲያወጋኝ፣ «ዋጥሁት። የሚሄድ መኪና ብዙ ነድቻለሁ፤ እንደዚያ የቆመው የከበደኝ ግን የለም።»

መነጽሩን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ሚጢ?»

«ካለፈው ዓመት።»

«ይኸን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን?»

«አንተ ሰው እንዳይሰማ ትጠነቀቅ ነበራ።»

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። «ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር እኮ።»

«ሆድ አይፈጀውም ወንድሜ» አለች እትዬ ይደርሳል፣ «እሱ ነው ሆድን የሚፈጀው።»

ከዚያ ወደ ሥራ ገባች። ቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ ይቆለፋል፤ ልጅቱ ለብቻዋ አትተውም፤ ጠዋት ከሐኪም ጋር ትገናኛለች፤ ሌሊት ቢብስባት የሚኬደው ወዴት እንደሆነ ይኸው። ሾፌሩ አዲስ መስመር እንደተመደበለት ሰው እያንዳንዱን እንደ ፌርማታ መልሶ ቆጠረላት። አንዱን ሲዘልል «ይመለሱ» አለችው፤ ተመልሶ ቆጠረ።

ሊወርዱ ሲሉ «ጥፋቱ የእኔ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«የሱ ወሬ ይደርሳል። ዛሬ ልጅዎን ይዘው ይግቡ።»

በማግስቱ ከሐኪሙ ዘንድ ሲመለሱ አባትና ልጅ ክፍሏ ገቡ። ልጅቱ ገና ሳትቀመጥ፣ «የመኝታ ቤቴ በር ላይ ወንበር ዘርግቶ ሊጠብቀኝ አደረ አሉ» አለች። «ማንኮራፋት ነው እንጂ ምን ጠበቀኝ! ተነሥቼ ጋቢ ያለበስሁት እኔ ነኝ።» እትዬ ይደርሳል እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከዚያም ዛሬ እናት ትጠብቅ፣ አባት ይተኛ ብላ ፈረቃ አወጣችላቸው።

ልጅቱ በአንድ ጀንበር አልዳነችም። ተሻላት፣ ተመልሳ ወደቀች፣ ክፍልም ደገመች። እትዬ ይደርሳል እነዚያን ወራት ሁሉ ከጎኗ ተቀምጣ ያን የውኃ ታንከር አየች። በዕድሜዬ ብዙ ተናጋሪ አይቻለሁ፤ እንደ እርሷ የሰውን ልጅ ያህል ከባድ አደራ ሳይደነግጥ የያዘ ግን አላየሁም። መያዝ ብቻም አይደለም፤ ለሌላው እንዴት እንደሚያዝ ታሳይ ነበር።

ሾፌሩ ዛሬ ጡረተኛ ጎረቤቴ ነው። ልጁ የራሷ ቤት አላት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣና ሬዲዮኑን ለምን እንደሚያስጮኸው፣ መድኃኒቱን ለምን በሰዓቱ እንደማይውጥ ስታማርረው ከአጥሩ ወዲህ ይሰማኛል። እርሱ እስክትጨርስ ያዳምጣታል፤ ልትሄድ ስትነሣም «ምነው፣ ገና ምኑን ተናገርሽው?» ይላታል።