በሃምሳው የጾምን ጊዜ

በርበሬ የነካው ጣት ከንፈሬን ሲያቃጥለኝ ዛሬም ደስ ይለኛል። ሰው ቢሰማኝ ይስቅብኛል። ልጅ ሆኜ ከጎጃም በረንዳ ጀርባ፣ አንድ ቧንቧ ለስድስት ቤት በምንጋራበት ግቢ ስንኖር፣ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። መርካቶ በርበሬ ይቸረችራሉ። ልጅ የላቸውም፤ ብቻቸውን መብላት ደግሞ አይሆንላቸውም። ከትምህርት ቤት ስንገባ በራቸው ላይ ቆመው «ነይ አንቺ ቀጭኗ፣ አፍሽን ክፈቺ» ይሉኛል። ጉርሻቸው የልጅ አፍ አይመጥንም። እጃቸውን የቱንም ያህል ቢታጠቡ በርበሬው አይለቅም፤ እንባዬ እየመጣ እውጠዋለሁ።

አንድ ክረምት ግንባራቸው ላይ በአንድ ወገን፣ እስከ ቅንድባቸው ድረስ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባቸው። «በርበሬው ነው፣ ሳላውቅ አሽቼው» ይሉ ነበር። ግቢው ግን ስሙን ያውቀዋል፤ አልማዝ ባለጭራ። ያኔ በእኛ ሰፈር አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ኤድስ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም ቤት ሄዶ ደም መስጠት አያስፈልገውም፣ ጎረቤት መርምሮ ይጨርሰዋል። ሽፍታው ደረቀ። እሳቸው እየከሱ ሄዱ።

አላወቅንም እንዳልል፣ እናውቃለን። እኔ ራሴ የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ፤ ሰልፍ ሜዳው ላይ በድራማ «አብሮ በመብላት አይተላለፍም!» ብዬ ጮኼ ተጨብጭቦልኛል። ለእማዬም ነገርኳት። «አውቃለሁ ልጄ፣ በሬዲዮም ሰምቻለሁ» አለችኝ ሽንኩርቷን እየከተፈች። እትዬ ዘነበች በጠሩኝ ቁጥር ግን ከጓዳ ፈጥና ትወጣና «ጾመኛ ናት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም» ትላለች። ሌሎቹም እናቶች ከእሷ ተማሩ። ማክሰኞም ጾም፣ ሐሙስም ጾም ሆነ። ጎረቤታችን ጋሼ ሙዘይን እንኳ ልጆቻቸውን ያለ ረመዳን አስጾሙ። እትዬ ዘነበች «ይቀበልልሽ» ብለውኝ ይገባሉ።

ፋሲካ አለፈና ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት የሃምሳው ሰሞን መጣ። እትዬ ዘነበች በዶሮ ወጥ የታሸ ጉርሻ ጠቅልለው በራቸው ላይ ቆሙ። ሮጬ ሄጄ አፌን ከፈትኩ። የእማዬ እጅ ከኋላ ትከሻዬን ያዘኝ፤ ልማድ ሆኖባት ነው መሰለኝ፣ «ጾመኛ ናት» አለች።

«በሃምሳው?» አሉ እትዬ ዘነበች። ቁጣ የለበትም፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት።

የእማዬ እንባ አንገቴ ላይ ሲያርፍ ይታወቀኛል፣ እጇ ግን አልለቀቀኝም፤ ብታገላትም አልቻልኳትም። እትዬ ዘነበች ጉርሻውን ትንሽ አዩትና ወደ ራሳቸው አፍ ወሰዱት። አቃታቸው መሰለኝ፣ ግማሹን ሳህኑ ላይ መለሱት። ከዚያ ወዲያ በራቸውን ዘግተው ነበር የሚበሉት። ሰኔ ሳይገባ ቀበርናቸው። የለቅሶው ወጥ በእሳቸው በርበሬ ተሠራ፣ ግቢው ሁሉ በላ።

ዛሬ መድኃኒቱ አለ። የሥራ ባልደረባዬ ምሳ ሰዓት ላይ ክኒኗን ውጣ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ ትበላለች፣ ቀና ብሎ የሚያያት የለም። ምነው እትዬ ዘነበች ጥቂት ዓመት በቆዩ እላለሁ። ሰሞኑን ልጄ ስለ በሽታው ተምራ መጥታ ያኔ እንዴት እንደነበር ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ካወቃችሁ ታዲያ ለምን አልጎረሳችሁላቸውም?» አለች።

እማዬ አጠገባችን ተቀምጣለች። አርጅታለች፤ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች መሬት መሬት ታያለች።

«ጾም ነበር» አልኳት ልጄን።