የማያበቃ ጥገና

ሰፈርተኛው «ነገ ና» ብሎ ይጠራዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ልብሱ ደርሶ እንደሆነ ለሚጠይቅ ደንበኛ ሁሉ መልሱ ይህ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ብቻውን ይኖራል። ሥራ ሲያልቅ ጸጥታው ስለሚከብደው፣ የስፌት መኪናውን ያለ ጨርቅ ያሽከረክራል።

ኩላሊቱ ከታመመ ቆይቷል። ሐኪሙ «ኩላሊትዎ ላይ ጠባሳ በዝቷል» ሲለው ደስ አለው። ጣቶቹ የመቀስና የመርፌ ጠባሳ ሞልቷቸዋል፤ ሁሉም የዳነ ቁስል ነው። ልታስታምመው ሻንጣዋን ላዘጋጀችው ልጁ ወዲያው ደወለ።

«ጠባሳ ሆኗል አሉኝ። ድኛለሁ፤ አትልፊ።»

«እውነትህን ነው አባዬ?»

«ምን ቆርጦኝ እዋሻለሁ?»

ልጁ ቀረች።

በቀጠሮው ቀን ነርሷ ደሙን እየቀዳች «ማን አለ አብሮዎት ጋሼ?» አለችው።

«ምን ያደርግልኛል? ጠባሳ ሆኗል እኮ!»

«ይሄ እንደ ጣትዎ አይደለም» አለችና አጠገቡ ተቀመጠች።

ነገሩ እጅግ ይደንቃል። ኩላሊት ውስጥ ሽንት የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። የቱቦዎቹ ሕዋሳት ሲጎዱ ጎረቤቶቻቸውን ለእርዳታ ይጣራሉ። በዙሪያቸው ዝም ብለው ደግፈው የኖሩት ሕዋሳትም ጠባያቸውን ቀይረው ክር መሥራት ይጀምራሉ። ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ ቁስሉ ይጠገናል፤ ክር ሠሪዎቹም ያርፋሉ። በቆየ ሕመም ግን ጥሪው አይቋረጥም፤ «በቃ» የሚላቸው የለም። ክሩ ተደራርቦ ይጠጥራል፤ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ያንቃል፤ ጤነኛው ቦታም አብሮ ይታፈናል።

«ማጥለያ ጨርቅ ላይ እየደራረቡ ቢሰፉበትስ?» አለችው ነርሷ።

«ይደፈናላ! ምኑን ያጠልላል?» አለና ድምፁ ወረደ። «አይፈታም?»

«መድኃኒቱ ስፌቱን ያዘገየዋል እንጂ የተሰፋውን መፍታት ይከብዳል። ብቻዎን ባይሆኑ ጥሩ ነው።»

ቤቱ ገብቶ ስልኩን የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠና ሲያየው ቆየ። በመጨረሻ ደወለ። «ደህና ነኝ» አፉ ላይ መጥቶበት ዋጠው።

«ምነው አባዬ?»

«ጠባሳው መዳን አልነበረም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«መቼ ልምጣ?»

«ነገ ነይ።»

«የደንበኛ ነገ ነው የእውነት?» አለች፤ ሳቋ እንባ እንባ እያለው።

«የእውነት።»

ስልኩ ሲዘጋ ትንሿ ክፍል እንደገና ጸጥ አለች። እግሩ እንደለመደው ወደ ስፌት መኪናው መርገጫ ሄደ፤ ከዚያ መለሰው።