የይመር ጉርሻ

ማንኩሳ ገበያ በርበሬ ገዝቶ ነጋዴዋን አቻምየለሽን የማያውቅ ሰው ካለ ይምጣና እንየው! ድምፅዋ ከገበያው ወዲያኛው ጫፍ ይሰማል። እርጥብ በርበሬ «ደረቅ ነው» ብሎ ሊሸጥላት የሞከረማ ጉዱ ፈላ። «የእሷ ሆድ ነገር አያሳድርም» ይላታል ሰዉ ሁሉ። ውሸት ነው። አንድ ነገር አሳድሯል።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ እሷና ታናሽ ወንድሟ ይመር እናት አባታቸውን ወሎ ቀብረው፣ ፓዊ ሊሰፍሩ ከሚወሰዱት ሰዎች ጋር ተጭነው ሲሄዱ መኪናው ማንኩሳ ላይ ተበላሸ። የማንኩሳ ሰው መቼም አንጀቱ አይችልም፤ በጠዋቱ ያለውን ይዞ ወጣ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት፣ ይመርን አቅፈው «በሞቴ! ይችን ብቻ! በሞቴ!» እያሉ አጎረሱት። ልጁ እየሳቀ በላ። የከረመ ባዶ አንጀት ግን ያን ሁሉ አልቻለም፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ሞተ።

ባንቺአየሁ አልቅሰው ቀበሩት፤ እህቱን ልጄ ብለው አሳድገው ዳሩ። አቻምየለሽ ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ ጤና ጣቢያ ተቀምጣ፣ በረሃብ የተጎዳን ሰው ባንዴ ማጥገብ እንደሚገድል ሲያስተምሩ ሰማች። የይመር ጉርሻ ትዝ አላት። አሳዳጊ እናቴ ይህን እንዳይሰሙብኝ ብላ ዋጠችው።

አምና ክረምት ከአባይ ማዶ የተፈናቀሉ ሰዎች ጫካ ለጫካ ተጉዘው መጡ። እንቁ የምትባል አጥንቷ የገጠጠ ልጅ ከአክስቷ ጋር አቻምየለሽ ቤት አረፈች። ወዲያው ጎረቤቱ ትሪ በትሪ ሆነ። አያ ባዬ፣ የአጥር ጎረቤታቸው፣ በቅቤ የራሰ ጉርሻ ጠቅልለው «በሞቴ!» አሉ።

አቻምየለሽ እጃቸውን ያዘች።

«ምን ነካሽ አንቺ? ልጅቱ በረሃብ ልትሞት ነው እኮ!» ተቆጡ አያ ባዬ።

ያች አፈኛ እጃቸውን ሳትለቅ ወደ ጥጉ ተመለከተች። ብትናገር፣ ጥግ ላይ የተቀመጡት አሮጊት እናቷ ይመርን የገደለው የእሳቸው ጉርሻ መሆኑን ይሰማሉ። ባትናገር፣ ዞር ስትል አንዱ እንቁን ያጎርሳታል። እንባዋ መጣ።

«ንገሪያቸው» አሉ ባንቺአየሁ።

«ምኑን፣ እማዬ?»

«የይመርን ነዋ። ጤና ጣቢያ የምትሄጅ አንች ብቻ ነሽ እንዴ? እኔም ሰምቻለሁ። አንች እኔን እንዳይከፋኝ ዝም አልሽ፤ እኔ ደግሞ እንዳትጠይኝ ብዬ። ይብቃን። ይች ልጅ ትዳን።»

ተናገረች። ከዚያማ ማን ያስቁማት! «ቀጠን ያለ አጥሚት፣ በማንኪያ፣ ቀስ እያለ! ሐኪም እስኪፈቅድ አንድም ሰው ጉርሻ ይዞ እንዳይገባ!» አያ ባዬ ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሰው እጃቸውን ታጠቡ። እሷም ነጠላዋን አገልድማ፣ እንግዳ ያረፈበትን ቤት ሁሉ እየዞረች ስትቆጣ ዋለች።

እንቁ ዳነች። ሐኪሙ «አሁን እንደ ልቧ ትብላ» ያለ ዕለት ጎረቤቱ ተሰበሰበ። አቻምየለሽ ትሪውን ወስዳ እናቷ ፊት አኖረችው። ባንቺአየሁ ጠቀለሉ፤ ደግሞ ግማሹን ቆርሰው መለሱ።

«ፈራሁ፣ ልጄ» አሉ።

«እኔ አለሁ፣ እማዬ። ያጉርሷት» አለች አቻምየለሽ። «በሞቴ!»