የግራው ጎማ ትኩሳት

አክስቴ ነርስ ናት። በምትሠራበት በአርብ ገበያ ከተማ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ ትልቁም ትንሹም «ሲስተር» ነው የሚላት። ባሏ ሲሞት አሮጌ ፒካፕ ትቶላት ነበር። ዘመድ ሁሉ «ሽጪውና ተገላገይ» ሲላት እሷ መንጃ ፈቃድ አወጣች። መኪናዋ ስትታመም ማስታመሙንም ቀስ በቀስ ተማረች። እኔ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ተማሪ ነኝ፤ ብዙ ጎበዝ መምህራንም አግኝቻለሁ። ይሁን እንጂ ሰው እንዴት እንደሚያስብ በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት፣ ከድጓው ደብር ከቤተ ልሔም ስንመጣ ነው።

በዚያ ሰሞን የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ደብረ ታቦር መጥተው ነበር። ያን ዕለት ሥራቸውን ጨርሰው ሊሄዱ ነው፤ መቼ እንደሚመለሱም የሚያውቅ አልነበረም። ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስተምሩ አንድ አረጋዊ የኔታ ደግሞ ዓይናቸው ከተጋረደ ቆይቷል። ዜማውን በቃላቸው ስለያዙት ማስተማሩን አላቋረጡም። ተማሪዎቻቸው በብራና ላይ የሚጽፉትን የዜማ ምልክት ማረም ግን አቃታቸው፤ «ሰምቼ አርማለሁ፣ የተጻፈ ስሕተት ግን ከእኔ በኋላም ይኖራል» እያሉ ይጨነቁ ነበር። አክስቴ ይህን ስትሰማ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ፣ እኔን አስከትላ፣ በማለዳ ልትወስዳቸው ሄደች።

የኔታ ከፊት በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፤ እኔ በእሳቸውና በአክስቴ መካከል ተጣበብሁ። መኪና እንደሚሄድ የሰማ የሰፈር ሰው ደግሞ ከኋላ ተሳፈረ። ጥቂት እንደሄድን አክስቴ ፊቷን አጨፈገገች።

«መሪው ወደ ግራ ይስበኛል» አለች። አቁማ ወረደችና የኋላውን ስታይ ሳቋ መጣ። «ምነው፣ ቅዳሴ ላይ ናችሁ እንዴ?»

ዞሬ በኋላው መስታወት ተመለከትሁ። ማንም ሳያዛቸው ወንዶቹ ሁሉ በግራ፣ ሴቶቹ ሁሉ በቀኝ ተደርድረዋል፤ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን። በእኛ አገር ሰው ሲሰበሰብ እግሩ ራሱ ቦታውን ያውቃል።

«በሉ ተቀላቀሉ። ክብደቱ ወደ ወንዶቹ አድልቶ ይሆናል» አለች አክስቴ።

«አላልኋችሁም!» አለች አንዲት ሴት። «ጾሙን ጓሮ ለጓሮ የፈታችሁት እናንተ ናችሁ፤ ይኸው መኪናዋ መሰከረች።»

«ወሬ ቢመዘን ኖሮ እኮ በቀኝ በኩል ነበር የምንገለበጠው» ብሎ አንዱ መለሰላት።

አንዲት እናት ከወንድ መሀል አልቀመጥም ብለው አስቸገሩ። የኔታ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ይቺ ቤተ መቅደስ አይደለችም፤ ግቢና ተቀመጪ» ሲሏቸው ነጠላቸውን አጠባብቀው ተቀመጡ።

ሁሉም ተደባልቆ ጉዞ ቀጠልን። መኪናዋ ግን አሁንም ወደ ግራ ትስባለች። አክስቴ በራሷ ግምት መሳሳቷን ወዲያው ተቀበለች፤ «ጭነቱ አይደለም» አለች። ይህን ጊዜ የኔታ ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ሲስተር፣ በዚያ በግራ በኩል የሚያፏጭ ነገር አለ። ፍሬን ስትይዢ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ እግርሽን ስታነሺም አይተውም።»

ፊት ለፊታችን ረጅሙ ቁልቁለት ነበር። አክስቴ ከአፋፉ ሳትደርስ፣ ሜዳው ላይ ማርሹን ነጻ አድርጋ መኪናዋን ለቀቀቻት። እንደ ታሰረች ሁሉ ወዲያው ቆመች። የተቃጠለ ሽታ መጣ።

«ሲስተር፣ ቁልቁለቱ እኮ ራሱ ያወርደናል፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው!» ብሎ አንድ ሰው ከኋላ ጮኸ።

«ማውረዱንስ ያወርደናል፤ የሚያቆመን ማን ነው?»

ወርዳ የእጇን ጀርባ መጀመሪያ ወደ ቀኙ የፊት ጎማ አስጠጋች፣ ቀጥሎ ወደ ግራው። የታመመ ሕፃን ግንባር ስትዳስስ እንዲሁ ነው የምታደርገው። ለምን ከደህናው እንደ ጀመረች ጠየቅኋት። «የጤነኛውን ሙቀት ሳላውቅ የበሽተኛውን በምን እለየዋለሁ?» አለችኝ። ቀኙ ለብ ያለ ነው፤ ግራው ግን እጅ አያስጠጋም። አንድ ሰው ጀሪካን ይዞ ውኃ ሊያፈስበት ሲል ክንዱን ያዘችው፤ «የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል፣ ወንድሜ። በራሱ ይብረድ።»

እስኪበርድ መጠበቅ ከባድ ነበር። ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር ሁላችንም የኔታን እናያለን፤ እሳቸው ግን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ድጓቸውን በለሆሳስ ያዜማሉ። አክስቴ ከሌሎቹ ጎማዎች ኋላ ድንጋይ አስደግፋ የፊቱን በየተራ በክሪክ አነሳችው። ቀኙ በእጅ ሲገፉት ይዞራል። ግራው ንቅንቅ አይልም።

«አሁን ሁለት ነገር ነው» አለች፣ ለእኔም ለራሷም። «ወይ ዘይቱ መመለሻ አጥቶ ጨቁኖታል፣ ወይ ብረቱ ራሱ ነክሷል።» የፍሬን ዘይቱን ማስተንፈሻ ትንሿን ብሎን በጥንቃቄ ላላ አደረገቻት። ጥቂት ዘይት ጠብ ጠብ አለ። ጎማውን ብትገፋው አሁንም አልዞረም። ፊቷ ግን በራ። «ዘይቱ ነጻ ነው። ጥፋቱ ከብረቱ ነው።»

ብሎኗን አጥብቃ ጎማውን ፈታች። የፍሬኑን ሸራ የሚይዘው ብረት እንደ ልቡ እንዲንሸራተት በሁለት ዘንጎች ላይ ይቀመጣል። የአንደኛው ዘንግ የላስቲክ ሽፋን ተቀዶ የክረምቱ ጭቃ ገብቶበት ኖሯል፤ ደርቆና ዝጎ ዘንጉን ቀፍድዶ ይዞታል። እያወዛወዘች አወጣችው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች፣ በጨርቅ ወለወለች፣ ከመቀመጫዋ ሥር ከምታኖራት ቆርቆሮ ግራሶ ቀባችውና መለሰችው። የቸኮለች አትመስልም ነበር። አንድም ብሎን መሬት ላይ አላስቀመጠችም፤ ሁሉንም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር የያዘቻቸው። ጎማውን መልሳ ከገጠመች በኋላ እኔ ፍሬኑን ረግጬ ስለቅ ጎማው ያዝ፣ ለቀቅ አለ። በእጇ ስትገፋውም ዞረ። የዘይቱን መጠን ሳታይ ግን ከቦታው አልተነሳችም።

ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ወረድነው። መሀል ላይ አንዴ አቁማ ሁለቱንም ጎማ ዳሰሰች። «እኩል ናቸው» አለች፤ ከኋላ እልልታው ቀለጠ።

ደብረ ታቦር ስንደርስ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ማሰባሰብ ጀምረው ነበር። አክስቴ የኔታን ደግፋ በሩጫ አስገባቻቸው። ሲያዩአቸው የታጠፈው ጠረጴዛ እንደገና ተዘረጋ። ያኔ ነው አክስቴ በየኔታ ነጭ ጋቢ ላይ፣ ክንዳቸውን በያዘችበት ቦታ፣ የግራሶ ጣቶቿ መታተማቸውን ያየችው።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ጋቢዎን አበላሸሁብዎ።»

«እኔ ያላየሁትን ይቅር አልልም። ነገ አይቼ እፈርዳለሁ» አሉና ከሐኪሞቹ ጋር ወደ ማከሚያው ክፍል ገቡ።

በማግሥቱ የሆስፒታሉ ሐኪም የዓይናቸውን ፋሻ ሲፈታ አልጋው አጠገብ ነበርን። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉ። ወደ እኛ አላዩም፤ ጋቢያቸውን ስበው ወደ ፊታቸው አቀረቡና እድፉን በጣታቸው ተከተሉት።

«አምስቱም ጣት አለ» አሉ። ቀና ብለው አክስቴን ረጅም ጊዜ አዩአት። «ይህማ አይታጠብም።»