ዓይኔን የረሳሁበት ጥንቃቄ

በዚያ በማስክ ዘመን ቢቸና ውስጥ እንደ እኔ የተጠነቀቀ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምለውም እኔው ነኝ። ማስኬን የማወልቀው ለመብላትና ለመተኛት ብቻ ነበር። አንድ ቀንማ ማውለቁን ረስቼ ወጥ የነካ ጉርሻ ማስኬ ላይ ለጥፌያለሁ።

ጥንቃቄዬ ለራሴ አልነበረም። ሞጣ ያለችው ታላቅ እህቴ አስም አለባት። ኮሮና ቢያገኛት እንደማትችለው ሁላችንም እናውቃለን። "ሳልሞት ና!" እያለች በስልክ ስትጨቀጭቀኝ ከርማ፣ ሰኞ ልሄድላት ቃል ገባሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ መስቀል ሲያሳልሙ፣ ከፊቴ የተሰለፈው ሁሉ ማስኩን ዝቅ እያደረገ ይስማል። ሞኞች! አልኩ በሆዴ። ተራዬ ሲደርስ ማስኬን ሳልነካ መስቀሉን ግንባሬን፣ ቀጥሎም ሁለቱን ዓይኖቼን አስነካሁ። በረከቱ እንዳያመልጠኝ ደህና አድርጌ አሸሁት።

ቤት ገብቼ ብልጠቴን ለልጄ አወራሁላት። ነርስ ናት። አልሳቀችም።

"አባባ፣ ያ ሁሉ ሰው የሳመውን መስቀል ዓይንዎ ላይ አሹት?"

"አፌንማ አልነካም!"

"የዓይን ጠብታ ሲያደርጉ ጉሮሮዎን አይመርዎትም?"

"ሬት ነው እንጂ!"

"በየት በኩል ወረደ ታዲያ? ዓይንዎ ከአፍንጫዎ ጋር በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። ቫይረሱም በዚያው ሊገባ ይችላል። ነገ ሞጣ አይሄዱም።"

ይህን ያህል ዘመን ዓይኔ ለማየት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እሱንም በቅጡ አያይ። ለእህቴ ደውዬ መቅረቴን ነገርኳት።

"ድሮም ሰነፍ ነህ!" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

በአራተኛው ቀን አተኮሰኝ፤ ሳሉ ተከተለ። ተመረመርኩ፣ ያው የተፈራው ሆኖ ተገኘ። በዓይኔ ይግባ በሌላ፣ ልጄም ልትምልልኝ አልደፈረችም። ሰኞ ሄጄ ቢሆን ግን ለእህቴ ምን ይዤላት እገባ እንደነበር አሰብኩና፣ ትኩሳቱ ያላንቀጠቀጠኝን ያህል ተንቀጠቀጥኩ።

ድኜ፣ ልጄም ስትፈቅድልኝ፣ ሞጣ ወረድኩ። እህቴ መታመሜን ሰምታ ኖሮ፣ ከደጃፏ ቆማ ጠበቀችኝ።

"አንተ ሽማግሌ! ዕድሜ ልክህን እያረፈድክ ስታቃጥለኝ ኖረህ፣ አንዴ ማርፈድህ ቢጠቅመኝ አመስግነኝ ልትል መጣህ?"

ግቢዋ ውስጥ ተራርቀን ተቀመጥን። እስከ ምሳ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ለመተንፈስ ሳታቆም ሰደበችኝ። እኔም እንዲህ የሚሰድብ ሳንባ ምንም አልሆነም ብዬ፣ እንዳታቋርጥ አልፎ አልፎ በነገር ነካ እያደረግኋት ሰማኋት።