የዳኛው ሰዓት በባሌ እጅ

ባሌ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሰዓት ሲያስተካክል ኖሮ አንድም ቀን በሰዓቱ ቤት ገብቶ አያውቅም። ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ጋሽ ደቂቃ» ነው የሚለው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ከጠረጴዛው ቀና ሳይል «አንድ ደቂቃ» ይላላ! የእሱ አንድ ደቂቃ ሲያጥር አንድ ሳምንት ነው። ሲረዝም ደግሞ ሰዓቱን ያስረከበው ሰው የልጅ ልጅ አይቶ ይመለሳል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁለታችንም የምንሠራው ከፎቁ ሥር፣ ደረጃው ከሚጀምርበት ጎን ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። መስኮቷ አንድ ናት። በእሷ ብርሃን የተጣላነውን ያህል ወንድማማች በርስት አይጣላም። እሱ «የእኔ ሥራ በአጉሊ መነጽር ነው» ይላል። እኔ «የእኔም ክር በጸሎት መርፌ ውስጥ አይገባም» እላለሁ። በመጨረሻ ጠዋት ለእኔ፣ ከሰዓት በኋላ ለእሱ ብለን ተስማማን። ሰዓት የማያከብር ሰው ስለሆነ ጠዋቱም የእሱ ሆኖ ቀረ።

አይካድም፣ ሥራውን ያውቃል። የጠገነውን ሰዓት ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት ሦስት ቀን በገዛ እጁ ላይ አስሮት ይውላል፣ ያድራል። «ጠረጴዛ ላይ የሠራ ሰዓት ገና አልተፈተነም፤ ሰው ላይ ነው የሚታየው» ባይ ነው። አንዳንዴ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ አራት ሰዓት ደርድሮ መንገድ ላይ ሲሄድ ላየው፣ ከሱቅ ዘርፎ የወጣ ነው የሚመስለው። አንድ ጊዜ ፖሊስ አስቁሞት ነበር። ሲጨቃጨቁ ቆይተው ፖሊሱ የራሱን ሰዓት ፈትቶ ለጥገና ሰጥቶት ሄደ። እሱም እስካሁን «አንድ ደቂቃ» እየተባለ ነው።

ታዲያ ይህ የሰውን ሰዓት ጆሮው ላይ ለጥፎ «ይሄ ያነክሳል፣ ይሄ ይቸኩላል» የሚል ሊቅ፣ ስምንት ወር ሙሉ የራሱን ልብ መስማት አቃተው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድሮ ደረጃውን እያፏጨ ይወጣ የነበረ ሰው፣ አሁን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆሞ የጎረቤት የመብራት ቆጣሪ ማንበብ ጀመረ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ፣ «ይሄ ቆጣሪ ትንሽ ይፈጥናል» ይለኛል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሌላ ቆጣሪ። እኔ እንኳን ባሌን ባላውቀው ኖሮ መብራት ኃይል የቀጠረው ነበር የሚመስለኝ።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» ስለው «ዕድሜ ነው» ይላል። ስለምነው «ድካም ነው»። ሳለቅስ «አንድ ደቂቃ»። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ብተርትበት፣ «ተረትሽን ከጨረስሽ ከብርሃኑ ዞር በይልኝ» አለኝ። ስቄ አለፍኩት፤ ግን ፈርቼ ነበር። ደረጃው ላይ ሁልጊዜ ከኋላው ነው የምሄደው፤ ቢወድቅ ልይዘው። እኔ አርባ ስምንት ኪሎ ነኝ፣ እሱ ሰማንያ ሁለት። እንዴት አድርጌ እንደምይዘው አንድዬ ይወቀው።

በዚህ መሀል ነው ፋርማሲስቷ የመጣችው። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ጡረተኛ ዳኛ ልጅ ናት፤ ጥጉ ላይ ያለችው ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። እጇ ላይ ጥቁር ስማርት ሰዓት ይዛለች።

«ጋሼ፣ አልነሳ ብሎኝ ነው» አለች። «ለአባቴ የገዛሁለት ነው። የልብ ምቱን እየተከታተለ፣ የተዛባ ነገር ካለ ስልኬ ላይ መልእክት ይልክልኛል። የራሱ ሲም ካርድ አለው። አባቴ ብቻውን ነው የሚውለው፤ ይሄ ካልሠራ እኔም ሥራ ላይ ቁጭ ብዬ አልውልም።»

ወደተገዛበት ሱቅ ወስዳው ነበር። እዚያ ያለው ባለሙያ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ «ይጣልና አዲስ ይግዙ» አላት። እንዲህ ያለውን ሙያማ እኔም አላጣው።

ባሌ ሰዓቱን ተቀበለና መጀመሪያ ምን አደረገ? ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«አይመታም» አለ ፊቱን አኮሳትሮ።

«አንተ ሰውዬ፣ እሱ እኮ ድሮም አይመታም» አልኩት።

«ታዲያ ምኑን ሰዓት ሆነ?»

ቀጥሎ የሚጠመዘዝ ቁልፍ ፈለገለት። የለውም። ከጀርባው ብሎን ፈለገ። የለውም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው፣ በር የሌለው ቤት እንዳጋጠመው ሌባ ዙሪያውን ይዞረው ጀመር። ቻርጅ ላይ ሲሰካው መስታወቱ ላይ የፋብሪካው ምልክት ብቅ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ድርግም። ደግሞ ብቅ ይላል፤ ደግሞ ድርግም። «እናትህን ነው የሚመስለው» አልኩት። «ልሂድ ልሂድ ትልና ተነስታ ደግሞ ቁጭ ትላለች።» አልሳቀም።

የመጀመሪያውን ቀን ጥፋቱን በባትሪው ላይ አላከከ። ከጀርባው ያሉት የቻርጅ ነጥቦች ላብ ጠጥተው አረንጓዴ አውጥተዋል። የጥርስ ብሩሽ አልኮል ውስጥ ነክሮ ፈትጎ ፈትጎ አጸዳቸው። የጥርስ ብሩሹ የእኔ ነበር፤ ይሄንን ያወቅሁት ማታ ነው፣ በአፌ። ከዚያ ግማሽ ቀን ቻርጅ ላይ አዋለው። ብቅ፣ ድርግም። በሁለተኛው ቀን ፋርማሲስቷ ደውላ፣ ከጎኑ ያሉትን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ እንዲቆይ ነገረችው። ሃያ እስኪቆጥር ተጫነ። ሰዓቱ እጁ ላይ ሲንዘፈዘፍበት ባሌ ከወንበሩ ዘለለ። «ነፍስ አለው!» አለኝ። ነፍሱም ብቅ ብላ ድርግም አለች።

በሦስተኛው ቀን ዝም አለ። ባሌ ዝም ሲል ነገር ሊገኝ ነው ማለት ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱን ቁልፎች በአውራ ጣቱ በየተራ ይነካካል።

«ይሄኛው ሲጫኑት ይመለሳል። ይሄኛው ግን አይመለስም» አለ በመጨረሻ። «ተጣብቋል። ሰዓቱ ሊነሳ ሲል ሰው ቁልፉን ተጭኖ የያዘው ይመስለዋል፤ ስለዚህ ተመልሶ ይጠፋል። ምስኪን! ጥፋቱ የእሱ አይደለም።»

ለሰዓት ሲሆን እንዴት አንጀቱ እንደሚራራ አያችሁ?

ያጣበቀው የደረቀ ሳሙና ነው። ዳኛው በቀን ሃያ ጊዜ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ስንቱን ፈርደውበት እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። ባሌ እጁን ዘረጋልኝ። «ከመርፌዎችሽ ቀጭኗን ስጪኝ።» ለሐር የማስቀምጣትን ሰጠሁት። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» አልኩት። በመርፌዋ ጫፍ የቁልፉን ዙሪያ ጭሮ ጭሮ፣ አልኮል ጠብ አድርጎ፣ ደግሞ ጭሮ፣ ቁልፉ ድንገት ቀጭ ብሎ ወጣ። ምልክቱ ብቅ አለ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። አልጠፋም። ሰዓቱና ቀኑ መስታወቱ ላይ ቁልጭ ብለው ወጡ። ባሌም ፋብሪካው የእሱ ይመስል ደረቱን ነፋ። ስለ መርፌዬ ያመሰገነኝ የለም።

«ልጅቷ ጋ ደውልላት እንጂ።»

«አንድ ደቂቃ» አለና ሰዓቱን እጁ ላይ አሰረው። ሦስት ቀን ሳይፈተንማ እንዴት ተደርጎ!

በማግስቱ ጠዋት መነጽሩን ረስቶ ኖሮ ቤት ሊያመጣ ወጣ። እኔ ደንበኛ እየለካሁ ስለነበር ልከተለው አልቻልኩም። ሲመለስ ላብ አጥምቆታል፤ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «የሦስተኛው ፎቅ ቆጣሪ ብሶበታል» አለኝ።

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም፣ ፋርማሲስቷ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች እያለከለከች ሱቁ ውስጥ ገባች። ከኋላዋ ዳኛው፣ በቤት ነጠላ ጫማ፣ ቁጣቸው ከእሳቸው ቀድሞ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዓቱ የተነሳ ዕለት ስልኳ «ተገናኝቷል» ብሏታል። እሷም የሌሊት ተረኛ ነበረችና አባቷን ሳታይ፣ እሳቸው ሄደው የወሰዱት መስሏት ተደሰተች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ስልኩ ጮኸ፤ «የአባባ የልብ ምት ተዛብቷል» ይላል። ልጅቷ የደንበኛ መድኃኒት ጥላ በረረች። አባቷ በረንዳ ላይ ጥፍራቸውን እየቆረጡ ነው። እሷ ምን ታውቃለች፣ ጎትታ አልጋ ላይ አስተኛቻቸው። እጃቸው ላይ ሰዓት አለመኖሩን ያየችው ከዚያ በኋላ ነው።

«መቀሱን እንኳ ሳላስቀምጥ!» አሉ ዳኛው።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ አልተሠራም!» ልጅቷ ልታለቅስ ደርሳለች። «በድንጋጤ ልሞት ነበር። ውሸታም ሰዓት ነው!»

ባሌ ተነሳ። ሥራውን ሲነኩበት አይወድም።

«እኔ የሠራሁት ሰዓት አይዋሽም!» አለና ለማሳየት እጅጌውን ሰበሰበ።

ሁላችንም አየነው። ሰዓቱ እጁ ላይ ነው። መጀመሪያ የነቁት ዳኛው ናቸው፤ አርባ ዓመት ችሎት ላይ የተቀመጡ ሰው ናቸው።

«ይህ ሰዓት እርስዎ እጅ ላይ ከዋለ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ከትናንት ጀምሮ ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ደረጃ ላይ።»

«ምን ሲያደርጉ?»

ባሌ እኔን አየ፣ ወለሉን አየ። «ቆጣሪ… ሳነብ።»

ክው አልኩ። ስምንት ወር «አንድ ነገር አለህ» ስለው የኖርኩት ነገር የሰው ስልክ ላይ ተጽፎ መጣ። እሱ ግን «ድካም ነው» ሊል ከንፈሩን ሲያላቅቅ አየሁት። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ልመና እንደማይሠራበት አውቃለሁ። ስለዚህ በሕይወቴ ተናግሬው የማላውቀውን ክፉ ነገር ተናገርኩ።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልን» አልኳት ፋርማሲስቷን፣ ድምፄን አሳዝኜ። «እሱ እኮ አርጅቷል። እጁም እንደ ድሮው አይደለም። ሰዓትሽን አበላሽቶብሻል። ያ የሱቁ ባለሙያ እውነቱን ነው፤ ይጣል።»

ባሌ ጨርቅ በምቆርጥበት መቀስ የወጋሁት ያህል አየኝ።

«ማ? እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

«ታዲያ ሰዓቱ ውሸቱን ነዋ። አንተ ጤነኛ ነህ አይደል?»

«አይዋሽም አልኩ!»

«እንግዲያው ሐኪም ፊት አስመስክር።»

«ተነሽ!» አለ ኮቱን እየመነተፈ። «አሁኑኑ! ይሄን ጉድማ ዝም አልልም!»

የስምንት ወር እንባ ያላነቃነቀውን ሰው አንዲት ስድብ ታክሲ ውስጥ አስገባችው።

ሐኪም ቤት ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው ወረቀት አወጡ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ደግሞ ወረቀቱን። ባሌ መቆየት አልቻለም።

«ሰዓቱ ትክክል ነው ወይስ አይደለም?»

«ሰዓቱማ ትክክል ነው» አለ ሐኪሙ። «ትክክል ያልሆነው የእርስዎ ልብ ነው።»

«ሰማሽ?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ፣ ጥርሱ በሙሉ እየታየ። «ትክክል ነው!»

ሐኪሙ ልቡ በመሀል በመሀል እየቆመች እንደምትነሳ ነገረን። ምቷን የሚጠብቅ ትንሽ መሣሪያ ዛሬውኑ ደረቱ ውስጥ መግባት አለበት፤ ደረጃ ላይ እንዲህ እያለ ሌላ ሳምንት ቢሰነብት ኖሮ ላይመለስ ይችል ነበር። እኔ እንባዬ ወረደ። ባሌ የመሣሪያው ባትሪ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ጠየቀ። ቀጥሎ ከገባ በኋላ እንዴት እንደሚፈትኑት ጠየቀ።

«ሦስት ቀን እዚህ ተኝተው እናየዋለን» አለው ሐኪሙ።

ባሌ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ሰውየው ሥራ ያውቃል» አለኝ።

ሊያስገቡት ሲሉ ሰዓቱን ፈትቶ ሰጠኝ። «ሁለት ቀን ይቀረዋል። አንቺ እሰሪው።» አልጋውን እየገፉ በሩ ጋ ሲደርሱ ቀና ብሎ «አንድ ደቂቃ» አለኝ። ያቺን ቃል የጠላኋትን ያህል የጠላሁት ነገር የለም። ያን ቀን ግን በሩ ሲዘጋ፣ ምነው ሌላ ቃል ባላወቀ፣ ምነው ዕድሜ ልኩን ይቺኑ ባለኝ ብዬ ተመኘሁ።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ በሩን ሳይ ስልኬ ጠራ። ፋርማሲስቷ ናት፤ ድምጿ ይርበደበዳል።

«እትዬ! መልእክት መጣልኝ፤ የልብ ምቱ በጣም ፈጥኗል። ጋሼ ምን ሆኑ?»

እጄን አየሁ። ሰዓቱ በርቷል።

«እሱ አይደለም» አልኳት። «እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

የባሌ አንድ ደቂቃ ሁለት ሰዓት ፈጀች። ሲያወጡት ዓይኑን እንደገለጠ ደህና ነሽ ወይ አላለም።

«ሰዓቱስ?» አለኝ።

«ይሠራል» አልኩት። «ሰው ላይ ታየ።»