በወይራ የታጠነው ጠርሙስ

ከምንጫችን በጠርሙስ ቀድቼ ያመጣሁትን ውሃ ለምርመራ የመጣችው ተመራማሪ በብክለት መለያ መሣሪያዋ ስትለካው ቀይ መብራት በራ። «እንዲህ ከሆነማ ምንጩ ይዘጋል» አለች። ማንኩሳ አጠገብ ያለችው ቀበሌያችን ሌላ የሚጠጣ ውሃ የላትም፤ ሽማግሌዎቹ ክው አሉ። እኔ ጠርሙሱን አንስቼ አሸተትኩት። ወይራ ወይራ ይላል!

«እማ፣ አጥነሽው ነበር እንዴ?» አልኳት አጠገቤ ለቆመችው እናቴ።

«ምን ነካሽ! ለእንግዳ የሚሰጥ ዕቃ ሳይታጠን ይወጣል?»

«የለኩት ጭሱን ይሆናል፤ እባክዎ ይድገሙት!» ብዬ ተመራማሪዋን ለመንኩ፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት።

አዲስ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ሮጬ ቀድቼ ተመለስኩ። መሣሪያው ውሃው ውስጥ ገባ።

አረንጓዴ! እልል አልኩ።

«ድሮስ ውሃችን መች ይታማል!» አለች እናቴ፣ ጭሱ የማን እንደነበር ረስታ።